ለቅሶ የወጣው ብስክሌት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሰቆጣን ገበያ በሙሉ መሬት ላይ አስተኛሁት።

የደርግ ጊዜው ጦርነት አልቆ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የመለዋወጫ ነጋዴ ከሱቃቸው ፊት ሸራ ወጥረው ብስክሌት ያስጠግኑ ነበር። ጠጋኛቸው ወደ ወልድያ ሄዶ በዚያው ስለቀረ እኔን በረዳትነት ቀጠሩኝ። ፖምፓውን አስጨበጡኝና "ይህን ጎማ ንፋልኝ" ብለው ሊሰግዱ ገቡ። መቼ እንደሚበቃ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ነፋሁ። አሁንም ነፋሁ። ጎማው ፈነዳ።

እግዚኦ! የዚያን ቀን ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሽንኩርት ሻጮቹ ከነሽንኩርታቸው ተጋደሙ። አንዲት አህያ ደንብራ የተጫነችውን ጨው በተነችው። አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን አቀባብሎ "ከወዴት ነው የተተኮሰው?" እያለ ዙሪያውን ይቃኛል። እኔ ራሴ ፖምፓውን አቅፌ ከውሃ ሳፋው አጠገብ ተደፍቻለሁ። ሐጂ ከውስጥ ወጥተው ገበያውንም እኔንም አዩና "ልጄ ሞገስ፣ ይህ ሕዝብ ገና ከጦርነቱ አልተመለሰም። ስትነፋ ጎማውን በአውራ ጣትህ እየተጫንክ ነው" አሉኝ። አልተቆጡም። እኔ ግን እስኪመሽ ድረስ ፖምፓውን አልነካሁም።

ከፍጥረቴ ድንጉጥ ነኝ። በር ሲዘጋ የምዘል ሰው ነኝ። ኋላ ዋና ጠጋኝ ሆኜ የራሴን ረዳቶች ሳሠለጥን እንኳ ከጀርባዬ መጥቶ ቁልፍ ድንጋይ ላይ መጣል የዘወትር ጨዋታቸው ነበር። ስለ ሥራዬ አውራ ስባል ታዲያ ከድንጋጤ በቀር የሚታወሰኝ ነገር የለም።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ ግን ችኮላ አይወድም። የእኛ አገር የግራር እሾህ ለጎማ ርኅራኄ የለውም። ካላማዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ አውጥቶ፣ ነፍቶ፣ ሳፋ ውስጥ መድፈቅና አረፋው ከሚወጣበት ቦታ ምልክት ማድረግ። አድርቆ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ማስቲሽ መቀባት። ከዚያ መጠበቅ። ማስቲሹ ጣት ላይ መያዙን ሲተው ነው የጎማ ቁራጩ የሚለጠፈው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እርጥቡ ላይ ይለጥፍና ደንበኛው ገበያውን ሳይወጣ ተመልሶ ይመጣል፣ ተመልሶም ይሳደባል።

ሐጂ አንድ የማያወላውል ሕግ ነበራቸው። ከብስክሌት ላይ የወለቀ ነገር አይጣልም። ዳዶም ይሁን የተሰበረ ፔዳል፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ የብስክሌቱ ባለቤት ስም ተነግሮበት፣ ከግድግዳው ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ምክንያታቸው የነጋዴ ነበር። "ደንበኛ ደህናውን ዕቃዬን ለወጠብኝ ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እንካ አሮጌህ ትለዋለህ" ይሉ ነበር። ግድግዳችን በቋጠሮ ተሞልቶ የወፍ ጎጆ የሞላበት ግራር ይመስል ነበር። እኔም ሕጉን ሳላምንበት ለመድኩት።

ዓመታት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን አያ በሪሁን የሚባሉ የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ አንድ አሮጌ ብስክሌት እየገፉ መጡ። እየነዱ አይደለም፤ መንዳት አይችሉም። መሪውን እንደ እባብ በሩቁ ይዘውታል።

"ውሰድልኝ" አሉኝ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ለቅሶ የወጣ ነው። የእኅቴ የለምለም ልጅ፣ የሲሳይ ነበር። ልጁ ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። አብሮት የነበረው ልጅ ሲሰምጥ በዓይኔ አየሁ ብሎ ምሎ ነገረን።"

በእኛ በኩል ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ንብረት አደባባይ ይወጣል። ፈረሰኛ ከነበረ ፈረሱ ይሳባል፤ ጠመንጃው፣ ልብሱ ይያዛል። ሲሳይ ፈረስ አልነበረውም። በዚህ ብስክሌት ነበር ማርና እንቁላል ወደ ሰቆጣ የሚያመላልሰው። ስለዚህ ብስክሌቱን አወጡለት። ጃኬቱን መሪው ላይ አልብሰው በለቀስተኛው መሀል እየገፉ አዞሩት። ይህን ሲነግሩኝ ቆዳዬ ሽምቅቅ አለ።

"እናቱ ከደጅ ባየችው ቁጥር ትወድቃለች" አሉ አያ በሪሁን። "ገደል ጨምረው አለችኝ። አፋፉ ድረስ ወሰድኩት፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

ብስክሌቱን ተረከብኩ። ሲሳይን በመልክ አላውቀውም ነበር፤ የሚያስጠግነው ሌላ ቦታ ኖሯል። ደንበኞች ግን ብስክሌቱን ያውቁት ስለነበር የሚገዛውም የሚከራየውም ጠፋ። "የሙት ፈረስ ላይ አልወጣም" አለኝ አንዱ በግልጽ። ብስክሌቱ ከሸራው ጥግ ቆሞ ሳየው ሳየው ከረመ። መጨረሻ ላይ፣ እንግዲህ ማንም ካልፈለገህ የእኔ ሁን አልኩት።

ያኔ ነው ሱሱ የያዘኝ። ቀን የሰው እሠራለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ እሱ እዞራለሁ። እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈታሁት። ኩሽኔታዎቹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ቀለሙን በብረት ብሩሽ ሳነሳ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ይወጣል፤ ስንት ሰው እንደነዳው እግዜር ይወቅ። የት አገር እንደተሠራ የሚናገረው ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል። ከላይኛው አግዳሚ ብረት ሥር፣ ወደ መሪው ጠጋ ብሎ፣ የተሰበረ ቦታ በነሐስ ተበይዶ እንደ ቋጠሮ አብጧል። በሞረድ ላስተካክለው ጀመርኩና ተውኩት። ብየዳን ለውበት ብለህ ከላጥከው ይሳሳል፤ ቁልቁለት ላይ ይከዳሃል።

ደማቅ ቀይ ቀባሁት፤ ነጭ መስመሩን በዶሮ ላባ ጫፍ አሰመርኩ። ኮርቻውን የበቅሎ ኮርቻ የሚሠሩ ሰውዬ በቀይ ቆዳ ለብጠው፣ ጠርዙን እንደ በቅሎ ኮርቻ ሰፉልኝ። ፓራፋንጎውን፣ የጭቃ መከላከያውን፣ ከዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጬ አወጣሁ። መሪው ቀጭንና ቀጥ ያለ ነበር፤ ከተሰባበረ ሞተር ሳይክል ላይ የወለቀ ወፍራምና ቀንዳም መሪ ተከልኩበት። ሐጂ ዙሪያውን ዞረው አዩትና "ብስክሌት ነው ወይስ ሙሽራ?" አሉ። ደስ አለኝ። ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እሱ ነበር።

ደወሉን ግን ገና ከጅምሩ ነበር ያነሳሁት። ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ስፕሪንጉ ተሰብሮ በጎማ ቁራጭ ተተክቷል። ስትመታው አንዴ ጥርት ብሎ ይጮህና ወዲያው ያንኮራፋል። መጀመሪያ የሞከርኩት ጊዜ በደንብ አስደንግጦኛል፤ አንድ ሰው ከኋላዬ ጉሮሮውን የሚጠርግ ነበር የመሰለኝ። አውልቄ ከአሮጌው መሪ ጋር በማዳበሪያ ጆንያ ቋጠርኩና በልማድ ከምስማሩ ሰቀልኩት። ስም መናገር ግዴታ ስለነበር "የሲሳይ" አልኩ። ሐጂ ሰምተው "ነፍስ ይማር" አሉ።

ሚሊኒየሙ ሊከበር ከተማው ሽር ጉድ ሲል፣ ባጃጅም ወደ ሰቆጣ ገና ብቅ ስትል፣ አንድ ከሲታ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ሸራችን መጣ። በእጁ ጥቁር ፌስታል፣ ከዚያ በቀር ምንም የለውም።

"ወደ ቤቴ የምሄድበት ብስክሌት ታከራየኛለህ ወንድሜ?" አለኝ።

መንደሩን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው ነበርና ቀዩን አሳየሁት። ቀረበው። ኮርቻውን ዳሰሰና ፈገግ አለ። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ከአግዳሚው ብረት ሥር ሰደደ። ብየዳው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ይህን ከማን አገኘኸው?"

እንደሌሎቹ ፈርቶ ይተወኛል ብዬ ቶሎ አልኩና "እውነቱን ልንገርህ፣ ለቅሶ የወጣ ነው። ባለቤቱ ባሕር ላይ ሞቷል። ግን አይዞህ፣ እኔ ስነዳው ይኸው ምንም አልሆንኩም" አልኩት።

"ማን ይባል ነበር?"

"ሲሳይ። የእማማ ለምለም ልጅ።"

የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀመጠ። ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ "ለቅሶው ላይ ሰው ነበር?" አለኝ።

"አገር ነዋ የወጣው!"

"እናቴስ? ቆማ ነው ያለቀሰችው?"

በእጄ የነበረው ትልቁ ቁልፍ አመለጠኝና እግሬ ላይ ወደቀ። ሕመሙ የተሰማኝ በማግስቱ ነው። ወደ ኋላ ስሸሽ ሸራው ያዘኝ። አታፍርብኝ አንባቢ፣ ጥላ እንዳለው መሬት መሬቱን አየሁ። ጥላ ነበረው።

"ሐጂ!" ብዬ ስጮህ ከሱቅ ወጡ። ነገሩን ስነግራቸው ወደሱ ሄደው ትከሻውን ያዙት። "ሙቅ ነው" አሉኝ። "አልሐምዱሊላህ። ውሃ ስጠው እንጂ ምን ትገተራለህ?"

ጀልባዋ እውነትም ተገልብጣለች። ሲሳይ ግን የተሰበረ ሣንቃ ይዞ ሲንሳፈፍ ዓሣ አጥማጆች አገኙት። ወጣ ሲባል ተያዘ፣ ከእስር ቤት ወደ እስር ቤት ሲዛወር ዓመታት ሄዱ። የሚደውልበት ስልክ በመንደሩ አልነበረም። በመንገዱ ሁሉ እናቱ እየጠበቀችው እንደሆነ ነበር የሚያስበው። መሞቱን ከእኔ ሰማ። ይህን ሳስብ ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ለሰው የራሱን መርዶ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር አያ በሪሁንን አስፈልገን አስመጣናቸው። ሲሳይ "አጎቴ" ብሎ ሲነሳ አማተቡ፤ እያማተቡ ወደ ኋላ ሄዱና ውሃ የሞላው ሳፋ ውስጥ ቁጭ አሉ። ከዚያው ሳይነሱ እጃቸውን ዘርግተው አለቀሱ። ሲሳይም ሳፋው አጠገብ ተንበርክኮ አቀፋቸው።

ሊነሳ፣ ወደ እናቱ ሊሮጥ ሲል አያ በሪሁን ያዙት።

"አይሆንም! እንዲህ በድንገት አትገባባትም። ከለቅሶህ ወዲህ ልቧ ታሟል። ሐኪሙ ደስታም ይሁን ኀዘን በድንገት እንዳትሰማ ብሎናል። ብትገባባት ደጃፉ ላይ ትቀርብሃለች።"

ሲሳይ አመድ መሰለ። "ታዲያ ከባሕር የወጣሁት እናቴን ልገድል ነው?" አለ።

ሐጂ አሰቡ፣ አሰቡና "መሞቱን እንዴት ነበር የነገራችኋት?" አሉ።

"በሽማግሌ ነዋ። ንስሐ አባቷን ይዘን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ።"

"እንግዲያው መኖሩንም በሽማግሌ ንገሯት። ክብር አለው፣ ርጋታ አለው።"

ሁላችንም በአንድ ድምፅ ደግ አልን። ከዚያ የተሻለ ሐሳብ ያለ አይመስልም ነበር።

ሲሳይ በራሴ ብስክሌት ወደ ቤቴ ልመለስ አለ። "ደወሉስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጆንያውን ከምስማሩ አወረድኩ። ደወሉን በእጁ ይዞ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። ግን መያዣው ለቀጭን መሪ የተሠራ ነው፤ የእኔን ወፍራም መሪ አይዞርም። ትንሽ ተሟገትኩ፤ በሽቦ እንሰረው አልኩ። ፊቱን ሳይ ተውኩት። ያን ያህል የደከምኩበትን ቀንዳም መሪ ፈትቼ አውርጄ አሮጌውን መለስኩ። አልቆጨኝም ብል እዋሻለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከአያ በሪሁንና ከንስሐ አባቱ ቄስ ጋር ቀድመው ወደ እማማ ለምለም ግቢ ሄዱ። እኔና ሲሳይ ብስክሌቱን ይዘን ከታች ከመታጠፊያው ቀረን፤ ሲጠሩን ልንወጣ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሲሳይ እዚያች መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ደወሉን እንደሚመታ፣ እናቱም ድምፁን ሰምታ የአጥሩን እሾህ እንደምትከፍትለት ነገረኝ። ከላይ ውሻ ጮኸ። በር ሲከፈት ሰማን።

ቀጥሎ የሰማሁትን ጩኸት ጠላቴ አይስማው።

እማማ ለምለም በር ሲከፍቱ ያዩት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎችን ነው፤ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቄስ ጋር፣ ባለፈው ጊዜ በቆሙበት ቦታ። የቀራቸው አንዲት ልጅ አምደወርቅ ከተማ ያገባችው ዓለሚቱ ናት። "ዓለሚቱን! ዓለሚቱን ወሰዱብኝ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሽማግሌዎቹ "የምሥራች ነው! የምሥራች!" ይላሉ፤ ማን ይስማቸው! ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ፤ ከየቤቱ ዋይታ ተነሳ። አያ በሪሁንም ደንግጠው አብረው ማልቀስ ጀመሩ። መላ አገር ላልሞተች ልጅ ለቅሶ ተቀመጠ።

የከፋው ሲሳይ ነው። የእኅቱን ስም ሲሰማ "ዓለሚቱ ሞታለች እንዴ? ደብቃችሁኝ ነው?" ብሎ እንደ ተቆረጠ ዛፍ መንገዱ ላይ ወደቀ። እኔ ብስክሌቱን ይዤ ቆሜያለሁ። አእምሮዬ ባዶ ነው። ልሩጥ፣ ልጩህ፣ ላንሳው፣ አላውቅም። ከላይ የእናትየው ድምፅ እየሰለለ፣ እየተቆራረጠ መጣ። አለቀች አልኩ። ገደልናት።

እጄ መሪውን ይዞ ነበር። አውራ ጣቴ ደወሉ ላይ ነበረ። መታሁት።

ጥርት ብሎ ጮኸ፤ አንኮራፋ። ማንም አልሰማም። ደግሜ መታሁ። ደጋግሜ መታሁ፤ እጄ እስኪደነዝዝ።

በመጀመሪያ ዝም ያሉት እማማ ለምለም ናቸው። ቀጥሎ አጠገባቸው ያሉት፣ ከዚያም ሌላው። ዋይታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ረገበ። ከዚያ ጸጥታ በላይ ያስደነገጠኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ሲሳይ ከመሬት ቀና አለ። እኔ መምታቴን አላቆምኩም።

ብስክሌቱን ከእጄ ወስዶ እየገፋ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። እማማ ለምለም ለሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው የአጥሩን እሾህ በባዶ እጃቸው እየጎተቱ ይከፍቱ ነበር። ቀና ብለው ማን እንደመጣ እንኳ አላዩም። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር አሉ። እናቴ የዚያው ሰው ስለሆነች ይገባኛል። "ምነው ዛሬስ ቆየህ" ነው ያሉት።

ቀድመው የዳሰሱት መሪውን ነው፤ ከዚያ ደወሉን፤ ከዚያ የልጃቸውን እጅ፤ በመጨረሻ ፊቱን። ፊቱ ላይ ሲደርሱ ደረቱ ላይ ወደቁ፤ ሲሳይም ያዛቸው። ቄሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ። እኔ የማላውቃቸውን ሴትዮ አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እማማ ለምለም አልሞቱም። ከዚያ በኋላም ብዙ ኖሩ፤ ወደ ገበያ ሲመጡ ሳፋው አጠገብ ቁጭ ይሉና "ደንጋጣው፣ ደህና አድረሃል?" ይሉኝ ነበር።

ወደ ሰቆጣ በእግሬ ተመለስኩ። ሐጂ ከሸራው ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

"ብስክሌትህስ?" አሉኝ።

"ባለቤቱ መጣ።"

ከግድግዳው ሄደው ባዶውን ምስማር በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ ቀንዳሙን መሪዬን በጨርቅ ጠቅልለው እዚያው ሰቀሉት። "የሞገስ" አሉ።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ያወለቃችሁትን አትጣሉ፤ ባለቤቱ ሞቷል ቢባልም አትጣሉ። እኔ ያን ደወል የሰቀልኩት ሞቷል ተብዬ ነው።